የሚስቀው ሽንት ቤት

ሽንት ቤት ለምን ይስቃል?

የአክስቴ ሽንት ቤት ይስቃል። ወጥ ቤት ዕቃ ታጥቦ ውሃው በተለቀቀ ቁጥር፣ ከኮሪደሩ ማዶ በሩ እንደተዘጋ፣ መጀመሪያ ሳቁን ለማፈን እንደሚታገል ሰው «ህምም» ይላል። ከዚያ አላስችል ይለውና ይንከተከታል። እንግዳ ካለ ደግሞ ይብስበታል።

እኔ ስለ ውሃ ፍሰት ባሕር ማዶ ዘጠኝ ዓመት ተምሬ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጥናት ጽፌ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ቱቦ ውስጥ አየር ሲታፈን እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። የት እንደታፈነና ማን እንዳፈነው ግን አላውቅም ነበር። በመጣሁ ዕለት አክስቴ ኮሪደሩ ላይ አቁማ ስታሰማኝ፣ «በርካታ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ» አልኳት።

«ይኼንንማ እኔም አውቃለሁ» አለች። «ለዚያውም የትም ሳልሄድ።»

ሻንጣዬን ገና አልፈታሁም ነበር። የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነው፤ ወይም ለሁለት ዓመት። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ነበር የምሰጠው። አክስቴ አልጠየቀችኝም። «ሻንጣው ይደርሳል፤ እስከ ቅዳሜ ሳምንት ድረስ ይኼን ሳቅ አስቁምልኝ» ነው ያለችው።

ቅዳሜ ሳምንት የሚመጣው ልጇ ነው። የአክስቴን ልጅ ሁላችንም ዳይሬክተሩ እንለዋለን። ስሙ የወጣለት በሰባት ዓመቱ፣ አንድ የብረት ፊሽካ ባገኘ ጊዜ ነው። እኔም ያደግኩት እዚሁ ቤት ስለሆነ ከፊሽካው የሚያስጥለኝ አልነበረም። ለምሳ ይነፋል፣ ጥርስ ለማጠብ ይነፋል፣ ለመኝታ ይነፋል፤ ተሰልፈን ካልገባን ደግሞ እንደገና ይነፋል። አንድ ቀን ፊሽካው ጠፋ። ውሻው ነው የዋጠው ተባለ። ዳይሬክተሩ ውሻው ሲጮኽ ያፏጭ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላ ከኋላው ሲከተለው ሰነበተ።

አሁን በሌላ ከተማ የእውነት ዳይሬክተር ሆኗል። ባለፈው ወር እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሽንት ቤት ገባ። አክስቴ ድስት እያጠበች ነበር፤ ረስታ የሲንኩን ውታፍ ነቀለችው። ሽንት ቤቱ ያን ቀን በሳቅ ብቻ አላበቃም። ዳይሬክተሩ የወጣው አዲስ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነው።

«እማዬ፣ በቃ» አለ። «ይኼ ቤት አርጅቷል፣ አንቺም ደክመሻል። እኔ ጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ክፍል አለ። ሊፍት አለው።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እተክላለሁ?»

«በረንዳ አለ።»

«በረንዳ ላይ ጃካራንዳ?»

ተጨቃጨቁ፣ ተኳረፉ፣ ታረቁ። በመጨረሻ አክስቴ ቃል ገባች። ከወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሽንት ቤቱ ከሳቀ ጓዟን ጠቅልላ ትከተለዋለች። ካልሳቀ ግን እሱ ስለ አራተኛ ፎቅ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። አክስቴ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ተናድዳ «ከእንግዲህ ስኳር በአፌ አይዞርም» ብላ፣ እስከ ዛሬ ሻይ የምትጠጣው ፊቷን አኮማትራ ነው።

ቤቱ እውነትም አሮጌ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ሲከፈት የሚያቃስት፣ አሸንዳው በቅጠል የተሞላ። ጓሮው ግን ቤቱን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ጃካራንዳው ከጣሪያው በላይ ወጥቷል። አቮካዶው አጥር ተሻግሮ ፍሬውን የሚጥለው ጎረቤት ነው። ጽጌረዳው ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ ሄዶ በመኝታ ቤት መስኮት ለመግባት ይሞክራል። ሁሉንም የተከለው የአክስቴ ባል፣ አጎቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው።

አጎቴ የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ወገቡን ያመው ነበር። ጎንበስ ማለትን እንደ ጠላት ነበር የሚያየው። ስለዚህ በዚህ ግቢ ሁሉ ነገር ወገብ ድረስ ነው። የጓሮው ቧንቧ ወገብ ድረስ ወጥቶ የቆመ ስለሆነ ባልዲ ስንሞላ ግማሹ ውሃ እግራችን ላይ ይፈሳል። ጫማ የሚቀመጠው ወገብ ላይ በተሠራ መደርደሪያ ነው። ካሮትና ሰላጣ የሚበቅሉት በርሜል ውስጥ ነው። የውሻው ቤት እንኳ አራት ረጃጅም እግር ነበረው፤ ምስኪኑ ውሻ ወደ ቤቱ የሚገባው በመሰላል ነበር።

ከሁሉ የምንወደው ግን ጃካራንዳው ሥር ያለውን ክቡን የሲሚንቶ ጠረጴዛ ነው። የቤት ሥራዬን የሠራሁት እዚያ ላይ ነው። ለባሕር ማዶው ትምህርት ያመለከትኩትም እዚያው ተቀምጬ ነው፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ የውሃ ነገር ይስበኝ ነበር» ብዬ ዋሽቼ። አክስቴ በጠረጴዛው ላይ ቀልድ አታውቅም። ሁልጊዜ እስከ መሬት የሚደርስ ጨርቅ ታለብሰዋለች። እንግዳ የሚስተናገደው እዚያ ነው። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይም ጎረቤቷ እትዬ ጽዳት ለሻይ የምትመጣው እዚያ ነው።

ለእትዬ ጽዳት ይህን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። መሐረቧን ይዛ ትመጣለች። ስኒውን ሦስቴ ትጠርጋለች፣ ማስቀመጫውን ሁለቴ፣ ማንኪያውን አንዴ። ክርኗ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ያየ ሰው የለም።

እንግዲህ ሥራዬን ጀመርኩ። ፍሳሹ ቤቱን ለቆ የሚወጣበት ቱቦ የሆነ ቦታ ላይ ማንሆል ሊኖረው ይገባል፤ እሱ ከተገኘ ችግሩ ይታያል። «ማንሆሉ የት ነው?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኳት።

«እኔ ምን አውቄ? አጎትህ ነበር የሚያውቀው» አለች፤ ዓይኗ ጽጌረዳው ላይ ነበር።

የቤቱ ፕላን የለም። ስለዚህ ራሴ ሠራሁ። የመሬቱን ተዳፋት በስልኬ ለካሁ፣ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ቁጥር በቁጥር አካፈልኩና አንድ ቦታ ላይ ችካል ተከልኩ። ዶማ አነሳሁ። ምንም የለም። ስሌቱን አስተካክዬ ሁለተኛ ቆፈርኩ፤ የንጹህ ውሃውን ቱቦ በሳሁት። ውሃው እስከ አቮካዶው ቅርንጫፍ ተወነጨፈ፤ አክስቴ በመስኮት ብቅ ብላ «አገኘኸው?» አለች። ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ያገኘሁት ውሻውን ነው። አክስቴ እንባ እንባ አላት፣ መልሰን ቀበርነው። አራተኛውንና አምስተኛውን ባልናገር ይሻላል።

ሐሙስ ዕለት ተሸነፍኩና ጋሽ ጆሮን አመጣሁ።

ጋሽ ጆሮ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። መሣሪያቸው አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ፣ ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚገለበጥበት ዓይነት የቆርቆሮ ቀጂ ነው፤ ጫፉ ላይ የጎማ ቱቦ ሰክተው ቱቦውን ጆሯቸው ውስጥ ያስገባሉ። ቀጂውን ግድግዳና መሬት ላይ እየደፉ ያዳምጣሉ። አዳምጠው ሳይጨርሱ አንድ ብሎን አይነኩም። ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ ጉድጓዶቼን ቆጠሩ።

«ፍልፈል አላችሁ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የቆፈርኩት።»

«አሃ! ኢንጂነሩ አንተ ነህ።» ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። «ጽፈሃል የተባለው ትልቅ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ዛፍ ሥር የሚል ነገር አለ?»

«አንድ የግርጌ ማስታወሻ አለ።»

«እሱን ነበር ማስረዘም።»

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። እኔን ባልዲ አስይዘው ሽንት ቤት አቆሙኝ፤ «ድፋ!» ሲሉኝ እደፋለሁ፣ እሳቸው ውጪ መሬት ላይ ተኝተው ውሃውን በጆሯቸው ይከተሉታል። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከግድግዳው ወደ ጓሮው። በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ወደ ጃካራንዳው ሲጠጉ አክስቴ ከወጥ ቤት የድስት ክዳን ለቀቀች፤ ክዳኑ ሲሚንቶው ላይ እየተሽከረከረ ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ ከእጄ አመለጠኝ!»

ጋሽ ጆሮ ጆሯቸውን አሽተው እንደገና ተኙ። «ድፋ!» ደፋሁ። ጥቂት እንደሄዱ አክስቴ መዝፈን ጀመረች። አክስቴ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም፤ ያልሰማሁት በምክንያት እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ «እባብ! እባብ!» የሚል ጩኸት ግቢውን አናጋው። ሁላችንም ሮጠን በረንዳ ላይ ወጣን። እባብ የለም።

«በዚያ ላይ ጽጌረዳዬን ረገጡብኝ» አለች አክስቴ፣ እያለከለከች። «ጋሽዬ፣ አይቀየሙኝ፣ ለዛሬ ይብቃን። እንዲያውም ጭራሽ ይብቃን።»

እስከ በር ሸኘኋቸው። ቀጂያቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ ኢንጂነር። እባብ ያየ ሰው እባቡን እያየ ነው የሚጮኸው። አክስትህ የጮኹት እኔን እያዩ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ምንም። ትቆያለህ ወይስ ትመለሳለህ?»

«እ... ገና አልወሰንኩም።»

«ብትመለስም ጉድጓዶቹን ደፍነህ ሂድ። ሰው እግሩን ይሰብራል።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሽንት ቤቱ አሁን ሰበብ አይፈልግም፤ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይስቃል። ውሃው ከጎድጓዳው አፍ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆሟል። አክስቴ ሁለት ሻንጣ አውጥታ አልጋ ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ውስጥ የጃካራንዳ ፍሬ በመሐረብ ቋጥራ ከተተች።  ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ጎርፍ የጻፍኩት ሰው መወልወያ ይዤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳይሬክተሩ ደወለ። «መንገድ ጀምሬያለሁ። ምሳ ላይ እደርሳለሁ። እንዴት ነው፣ ይስቃል?» 

«ፈገግ ይላል» አልኩት።

አራት ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች። እትዬ ጽዳት መሐረቧን ይዛ መጣች። አክስቴ ለመጨረሻ ጊዜ እንደምታደርገው ሁሉ ጥሩውን ጨርቅ አልብሳ፣ ጥሩውን ስኒ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ሻይ አቀረበች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠጣሉ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጆሮ ናቸው።

«በቃን ብዬዎት አልነበር?» አለች አክስቴ ከተቀመጠችበት።

«ብለውኛል፤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ኢንጂነር፣ ባልዲህን ያዝ።»

ሽንት ቤቱ ከአንድ ባልዲ በላይ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ግን ደፋሁ። በመስኮቱ ስመለከት ጋሽ ጆሮ መሬት ላይ አልተኙም። ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱና «ይቅርታ እናንተ» ብለው ቀጂውን በስኳር ዕቃውና በሻይ በራዱ መካከል ደፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አክስቴ አፏን ከፈተች፤ የሚወጣው ዘፈን ይሁን እባብ ገና አልወሰነችም ነበር።

«ና» አሉኝ ጋሽ ጆሮ። ሮጬ ወጣሁ። የጎማውን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ አደረጉልኝ።

ከጠረጴዛው ሆድ ውስጥ፣ ከስኳር ዕቃው ሥር፣ ያ ሳቅ መጣ።

ጨርቁን ገለጥኩት። ጠረጴዛው መካከል ላይ የብረት ቀለበት አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለፀሐይ ጃንጥላ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጃንጥላ ግን ኖሮን አያውቅም። የቧንቧውን ቁመት አየሁ፣ የካሮቱን በርሜል አየሁ፣ እግር የነበረውን የውሻ ቤት አሰብኩ። ወገብ ድረስ። ሁሉም ወገብ ድረስ።

«አክስቴ... ይኼ ማንሆሉ ነው እንዴ?»

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። 

«ወገቡን ሲያመው ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «በዓመት ሁለቴ መክፈት አለበት፣ መጎንበስ አይችልም። ጡብ በጡብ ላይ ጨምሮ አፉን ወደ ላይ አመጣው። በሳምንቱ እንግዶች መጡ። አንዷ ‹ውይ ሲያምር፣ ይኼን የመሰለ ጠረጴዛ ከየት አገኛችሁ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ‹አይ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው› ልበላት?»

«ምን አልሻት ታዲያ?»

«አመሰግናለሁ አልኳት። ከዚያ ሻይ ጠየቁ። ከዚያ ጨርቅ አለበስኩት። ከዚያማ በቃ፣ ሠላሳ ዓመት ሆነው።» አሁን ወደ እኔ ዞረች። «አጎትህ እኮ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ነበር የሚከፍተው፣ ሰው እንዳያየው። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ጋሽ ጆሮ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው እንክፈተው። አንድ ሰዓት ይበቃኛል።»

«አይከፈትም!» አክስቴ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲበላበት የኖረውን ነገር እሷ ፊት አልከፍትም። ጨርቁን መልሱልኝ። እኔ አራተኛ ፎቅ እሄዳለሁ።»

ይኼን ጊዜ እትዬ ጽዳት ስኒዋን በመሐረቧ ጠረገች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«አንቺ» አለች ለአክስቴ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስኒዬን የምጠርገው ለምን ይመስልሻል?»

አክስቴ እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው ያየሁት። ልብስ ላሰጣ ጠዋት በማለዳ ወጥቼ በአጥሩ ላይ ሳይ፣ ባልሽ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ውስጥ ከትቶ ይጠርጋል።»

«አውቀሽ ነው እንዴ? አውቀሽ ነው ሠላሳ ዓመት እዚህ ተቀምጠሽ የጠጣሽው?»

«ሻይሽ ይጣፍጣላ!» አለች እትዬ ጽዳት። «ደግሞ አንቺ አራተኛ ፎቅ ወጥተሽ እኔ ከማን ጋር ልጠጣ? ምን አፍጥጣችሁ ትቆማላችሁ? ክፈቱት እንጂ!»

አክስቴ መጀመሪያ ማልቀስ የጀመረች መሰለኝ። ትከሻዋ ተነቃነቀ፣ «ህምም» አለች፣ ከዚያ አላስቻላትም። ቁርጥ ሽንት ቤቱን።

ስኒዎቹን ካሮት በርሜል ላይ ደረደርናቸው። ጋሽ ጆሮ ዲጂኖውን በቀለበቱ አስገቡ፣ እኔ በወዲህ እሳቸው በወዲያ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከኋላ ሆነው «አይዟችሁ» በሚል እርዳታ፣ ክዳኑ ተነሳ። ሽታውን አልገልጸውም። እትዬ ጽዳት መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ክርኗን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደግፋ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

የክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም፣ በአጎቴ የመጋዘን ጽሕፈት፣ «በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈት» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር የተከፈተበት ጊዜ ሁሉ በጭረት ተመዝግቧል። ክዳኑን ያልከፈተ ሰው ማስታወሻውን ማንበብ እንደማይችል አጎቴ ያሰበበት አይመስልም።

ከታች፣ በአሮጌው የሸክላ ቱቦ አፍ፣ የጃካራንዳው ሥር ተቀምጧል። ሥር አትበሉት፣ ጢም በሉት። በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ስንጥቅ እንደ ክር ቀጥኖ ገብቶ፣ ውስጥ ሲመቸው ወፍሮ፣ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ተዘርግቷል። ጋሽ ጆሮ መንጠቆ ያለው ረጅም ብረት ሰጡኝ።

«ቀስ ብለህ። ከተበጠሰ ውስጥ ይቀራል። እንደ ዓሣ ሳበው።»

ሳብኩት። መጣ፣ መጣ፣ አሁንም መጣ። ጋሽ ጆሮ ከኋላዬ ወገቤን ያዙኝ፣ አክስቴ እሳቸውን ያዘች። መጨረሻው ድንገት ሲለቅ ሦስታችንም ተያይዘን ወደ ኋላ ሄድንና አምስተኛው ጉድጓዴ ውስጥ ገባን። ከቤቱ ውስጥ አንድ ረጅም፣ እፎይታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የታቆረው ሁሉ በማንሆሉ ሥር እየተጥመለመለ አለፈ።

«ደፍነው ብዬህ ነበር» አሉ ጋሽ ጆሮ ከሥሬ።

ሥሩ መሬት ላይ ሲዘረጋ ከእኔ ቁመት ይረዝማል። ጫፉ ላይ ግን እንደ ቡጢ ተጠቅልሎ አንድ ነገር ጨብጧል። ጋሽ ጆሮ በጩቤ ፈለቀቁት። የብረት ፊሽካ ነው።

«አሃ» አሉ። «ሥሩ ብቻውንማ ውሃ ያሳልፍ ነበር። ይኼ ነው ጉሮሮው ላይ የተቀረቀረው። እሱ ቆሻሻ ያዘ፣ ሥሩ ደግሞ ዙሪያውን ጎጆ ሠራ። ማን ጨመረው?»

ማን እንዳፈነው አላውቅም ነበር ብዬ የለ? አሁን አወቅኩ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለእንቅልፍ ሦስት ጊዜ ተነፍቶብኝ ነበር። ፊሽካውን ከትራሱ ሥር ወስጄ ሽንት ቤት ጨመርኩና ውሃ ለቀቅኩበት። በማግሥቱ «ውሻው ነው» ያልኩትም እኔ ነኝ።

«አንድ ሰው ይሆናል» አልኩ።

አክስቴ በደንብ አየችኝ። ጋሽ ጆሮ ፊሽካውን በጓሮው ቧንቧ አጠቡት፣ በሸሚዛቸው አደረቁት፣ ከዚያ ማንም ሳይከለክላቸው አፋቸው ላይ አድርገው ነፉት። ግቢው በጩኸቱ ተሞላ።

«ይሠራል» አሉ።

እትዬ ጽዳት ራሷን እንዳትስት ወንበር ያዘች።

ዳይሬክተሩ ሲደርስ ክዳኑ ተመልሷል፣ ጠረጴዛው ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቧል፣ ጨርቁ ለብሷል። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለን ጫማውን በጥርጣሬ እያየ ሽንት ቤት ገባ። አክስቴ ሲንኩን እስከ አፉ ሞልታ ጠበቀች። ኮሪደሩ ላይ እኔ፣ ጋሽ ጆሮና እትዬ ጽዳት ትንፋሻችንን ውጠን ተሰለፍን። ልክ ፊሽካ እንደተነፋልን።

«እማዬ፣ ልቀቂው!» አለ ከውስጥ።

ውታፉ ተነቀለ። ውሃው በቱቦው ወረደ፣ በወለሉ ሥር አለፈ፣ ወደ ጓሮው ሄደ። ሽንት ቤቱ ጭጭ አለ። ዳይሬክተሩ ለረጅም ጊዜ አልወጣም። ሲወጣ ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

«እሺ» አለ። «ቃል ቃል ነው።»

አክስቴ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ሁለቱን ሻንጣዎች ከአልጋው ላይ አወረደች። ስትመለስ በእጇ የጃካራንዳ ፍሬዋን ይዛለች።

ምሳ የበላነው ጃካራንዳው ሥር ነው፤ ሌላ የምንበላበት ቦታ የለማ። ዳይሬክተሩ ሁለቱንም ክርኑን ተደግፎ፣ ዘና ብሎ፣ የልጅነት ነገር ያወራል። ከዳቦው ቁራሽ ወደቀበት፤ ጨርቁ ገለጥ ያለበት ቦታ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ። አንስቶ ጎረሰው። ጋሽ ጆሮ ማኘክ አቆሙ። እትዬ ጽዳት መሐረቧን አፏ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት።

«ታውቂያለሽ እማዬ» አለ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየደባበሰ፣ «አንቺ እንቢ ካልሽ ቢያንስ ይኼን ስጪኝ። ከዚህ ቤት የምወደው ይኼን ነው። በረንዳዬ ላይ ልክ ይሆናል። በሚመጣው ሳምንት ከሥሩ ቆርጠው የሚያነሱ ሰዎች እልካለሁ።»

አክስቴ ወደ እትዬ ጽዳት አየች፣ እትዬ ጽዳት ወደ ጋሽ ጆሮ፣ ጋሽ ጆሮ ወደ ጃካራንዳው። «ዳቦ ጨምር እስቲ» አለች አክስቴ።

የዳይሬክተሩ መኪና ታጥፎ ከሄደ በኋላ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። «እኔ አፌ አይችልም። አንተ ንገረው። የተማርከው ለምንድን ነው?»

በማግሥቱ ጠዋት፣ የውሻውን ሳልቆጥር፣ ከቀሩት አራት ጉድጓዶች ሦስቱን ደፈንኩ። አክስቴ የጃካራንዳ ፍሬዋን አምስተኛው ውስጥ ልትተክል እንደሆነ ስትነግረኝ፣ ከቱቦው ርቆ እንዲሆን ሌላ ስድስተኛ ቆፈርኩላት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ለዳይሬክተሩ በስልኬ መልእክት ጻፍኩ። አራት ጊዜ አጥፍቼ አምስተኛውን ላክሁት።

«ጠረጴዛው አይነሳም። ሥሩ ሽንት ቤቱ ድረስ ይሄዳል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ያነሳሁትን ፎቶ ተመልከት። ከመምጣትህ በፊት ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቧል። ዳቦዋን ስታነሳ ልነግርህ ነበር፣ አፌ እንቢ አለኝ። ሌላ ደግሞ፣ ፊሽካህ ተገኝቷል። ውሻው የለበትም፣ እኔ ነኝ። ይሠራል። ልላክልህ?»

መልእክት መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። ጠረጴዛውን የሚቆርጡት ሰዎች እስካሁን አልመጡም። መልሱም አልመጣም።